የጓሮ ሸረሪትን በቅርብ ፎቶ መለየት፦ ለሰቆጣና ለዋግ ደጋ የተዘጋጀ መመሪያ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ጓሮዎች ድር ይበዛል። ዝናቡ ያለመለመው ቅጠል ነፍሳትን አብዝቷል፤ በክረምቱ መግቢያ ትንንሽ የነበሩ ሸረሪቶችም በልተው አድገዋል። በጌሾ ቅርንጫፎች መካከል፣ በቅንጭብ አጥር ላይ፣ በድንጋይ ካብ ስንጥቅ፣ በማሽላ አገዳዎች መሀል እያንዳንዷ በየራሷ ስልት ታድናለች። ብዙዎቻችን ግን ሁሉንም "ሸረሪት" ብለን እናልፋቸዋለን፤ ሲያሻንም በመጥረጊያ እንጠርጋቸዋለን። ጎመናችንን ከሚፈጀው ትልና ከቅማሉ ጋር የምትታገልልንን፣ መንካት ከሌለብን ከጥቂቶቹ ሳንለይ አብረን እንገድላለን።

ይህ መመሪያ በእጅዎ ባለው ስልክ ጥሩ የቅርብ ፎቶ አንስተው ሸረሪቷን እንዲለዩ ይረዳዎታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራው አንድ ሐሳብ ነው፦ ሸረሪትን በቀለሟ ብቻ አይለዩም። ድሯ፣ ዓይኖቿ፣ እግሯና የተቀመጠችበት ቦታ አንድ ላይ ይመሰክሩላታል። ስለዚህ አንድ ፎቶ አይበቃም፤ ስሙም ፎቶው ከሚያሳየው አልፎ መሄድ የለበትም።

ድካሙ ለምን ይጠቅማል?

በሳይንስ ስም የወጣላቸው የዓለማችን የሸረሪት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ከ50,000 አልፈዋል። የአገራችን ሸረሪቶችም ከተመዘገቡ ቆይተዋል። በኦራዚዮ አንቲኖሪ የተመራው የጣሊያን ተጓዦች ቡድን አንኮበር አጠገብ ሰፍሮ የሰበሰባቸውን ሸረሪቶች ፒዬትሮ ፓቬሲ የተባለ ተመራማሪ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሸዋ ሸረሪቶች ጥናት አሳተመ። ከ125 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቫንዳ ቬሶሎቭስካና ቤያታ ቶማሼቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የተገኙ አዳዲስ የዘላይ ሸረሪት ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋወቁ።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ሸረሪቷን በአልኮል ውስጥ አስቀምጦ በማይክሮስኮፕ በማየት ነው። ዛሬ ቀን፣ ቦታና ከፍታ የተጻፈበት ጥርት ያለ ፎቶ ሸረሪቷን ሳይገድል ትልቅ መረጃ ይሰጣል። ዋግ ደግሞ ከተከዜ ሸለቆ ቆላ ተነስቶ እስከ ደጋው ተራራ የሚወጣ አገር ነው፤ በአጭር ርቀት ውስጥ የአየሩ ጠባይም ዕፀዋቱም ይለዋወጣሉ። በዝቋላ ወይም በአበርገሌ ቆላ የተነሳ ፎቶና በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በሰቆጣ የተነሳ ፎቶ እኩል ዋጋ አላቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ከሁለቱ ድምር የበለጠ ይናገራሉ።

1ኛ ደረጃ፦ ሰዓቱን ይምረጡ

ክብ ድር የሚሠሩትን ለማንሳት ምርጡ ሰዓት ፀሐይ እንደወጣች፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ጤዛው ክሩን ያሳያል፤ ነፋሱ ገና አልተነሳም፤ ሸረሪቷም በቅዝቃዜው ምክንያት ብዙ አትንቀሳቀስም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳና ካብ ይፈትሹ፤ ዘላዮቹን የሚያገኙት እዚያ ነው። ቀትር ላይ አበቦችን ይመልከቱ። ሲመሽ ደግሞ ባትሪ መብራት ከዓይንዎ ትይዩ ይዘው መሬቱን ይቃኙ። አረንጓዴ የሚያበሩ ጥቃቅን ነጥቦች ካዩ፣ ብዙ ጊዜ የተኩላ ሸረሪት ዓይኖች ናቸው።

ጓሮው የሌላ ሰው ከሆነ ባለቤቷን ወይም ባለቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ ካህናቱን ያስፈቅዱ። የሚያነሱት ሸረሪት ብቻ መሆኗን ማስረዳት ጥርጣሬን ያስወግዳል። ብዙ ጊዜም "እዚያ ጥግ የበለጠች አለች" ብለው የሚያሳዩዎት እነሱ ናቸው።

2ኛ ደረጃ፦ ከመቅረብዎ በፊት ድሩን ያንሱ

ብዙ ሰው ሸረሪት ሲያይ ወዲያው ይጠጋል። ሲጠጋ ድሩ ይነካል፤ ሸረሪቷም ትወርዳለች ወይም ቅጠል ሥር ትገባለች። ድሩ ግን ግማሹ መታወቂያዋ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል ርቀው መጀመሪያ ድሩን ከነዙሪያው ያንሱ፤ የተሰቀለበት ተክል ይታይ፤ ድሩ ቆሞ ወይም ተኝቶ መዘርጋቱም ይለይ።

ክሩ ካልታየዎት ቦታዎን ይቀይሩ። ፀሐይዋ ከድሩ ኋላ ወይም ከጎን ሆና፣ ከበስተጀርባ ጥላ ያለበት ጥቁር ቦታ ሲገኝ እያንዳንዱ ክር ይደምቃል። ዱቄት መበተን ክሩን ያሳያል፤ ነገር ግን ሙጫውን ያበላሻል፤ ሸረሪቷም ድሯን እንደገና ለመሥራት ትገደዳለች። ጤዛውን መጠበቅ ይሻላል።

3ኛ ደረጃ፦ ስልክዎን ያዘጋጁ

ውድ ካሜራ አያስፈልግዎትም። የሚከተሉትን ከጠበቁ መካከለኛ ስልክም ይበቃል።

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በዋግ የበጋ አቧራ ውስጥ ኪስ ያደረ ስልክ ሌንሱ ሳይጠረግ ጥርት ያለ ፎቶ አያወጣም።

ከመጠን በላይ አይቅረቡ። አብዛኞቹ ስልኮች ከ10 ሳንቲሜትር ገደማ በታች ሲጠጉ ማተኮር ያቅታቸዋል። ትንሽ ራቅ ብለው ጥርት አድርገው ያንሱና በኋላ ዳርና ዳሩን ይቁረጡ። ትንሽና ጥርት ያለ ምስል ከትልቅና ከደበዘዘ ምስል ይሻላል። ስልክ ላይ የምትቆነጠጥ ተጨማሪ የማጉያ ሌንስ ካለችዎት ግን ይጠቀሙባት፤ በተለይ ለዓይኖቿ።

የት ላይ ማተኮር እንዳለበት ራስዎ ይንገሩት። ማያ ገጹ ላይ የሸረሪቷን ራስ በጣትዎ ይንኩ፤ አለበለዚያ ስልኩ ከኋላ ያለውን ቅጠል ይመርጣል። ክርንዎን ከጉልበትዎ ወይም ከካቡ ላይ ያስደግፉ፤ ትንፋሽዎን ያዝ አድርገው በተከታታይ ብዙ ያንሱ። ከብዙዎቹ አንዱ ጥርት ይላል።

ፍላሽ በቀጥታ ሲበራ ሆዷ ላይ ያለውን ንድፍ ያነጣዋል። መብራት ካስፈለገ በስስ ነጭ ወረቀት ይሸፍኑት። ቀትር ላይ በሰውነትዎ ጥላ ያድርጉባት፤ ከጎን በነጭ ወረቀት ብርሃን ይመልሱላት።

4ኛ ደረጃ፦ አምስት ፎቶ

ለእያንዳንዷ ሸረሪት እነዚህን አምስቱን ለማግኘት ይሞክሩ።

1. ድሩና ቦታው፦ ከላይ እንደተባለው፣ ከሩቅ።

2. ጀርባዋ፦ ቀጥታ ከላይ፣ የራስና የደረቷ ክፍል፣ ሆዷም፣ እግሮቿም ሙሉ ሆነው።

3. ፊቷ፦ ስልኩን ወደ እሷ ቁመት አውርደው ከፊት ለፊት። ዓይኖቿ የሚቆጠሩት በዚህ ነው።

4. ጎኗ፦ የሆዷ ቅርጽ፣ ከፍታው፣ ጫፉ ሹል ወይም ድፍን መሆኑ የሚታየው በዚህ ነው።

5. የሆዷ ሥር፦ ክብ ድር ላይ የምትቀመጥ ሸረሪት ብዙ ጊዜ በድሩ አንድ ፊት ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትገኘው። ሳይነኳት ዞረው ከድሩ ማዶ ይቁሙ፤ የሆዷ ሥር ከፊትዎ ነው።

ከአምስቱ አንዱ ላይ መጠኗን የሚያሳይ ነገር ይጨምሩ። በሚሊሜትር የተሰመረ የተማሪ ማስመሪያ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከሸረሪቷ ጎን፣ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ይያዝ። መጠን ሲጽፉ የሰውነቷን ርዝመት እንጂ የእግሯን ስፋት አይለኩ።

5ኛ ደረጃ፦ ሸረሪት መሆኗን ያረጋግጡ

ፎቶውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ይቁጠሩ። ሸረሪት ስምንት እግርና ሁለት የአካል ክፍል አላት፦ ራስና ደረት በአንድነት፣ ከዚያም በቀጭን ወገብ የተያያዘ ሆድ። ክንፍም አንቴናም የላትም። ከአፏ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጫጭር እጆች እግር አይደሉም፤ አሥር እግር ቆጥረው ግራ እንዳይጋቡ።

በቆላው በኩል በሌሊት የሚሮጥ፣ መንጋጋው እጅግ የገዘፈ፣ ሆዱ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ፣ አሥር እግር ያለው የሚመስል ፍጡር ካጋጠመዎት እሱ የሸረሪት ዘመድ እንጂ ሸረሪት አይደለም፤ ድርም አይሠራም። በተቃራኒው ጉንዳን የሚመስል ነገር ስምንት እግር ካለው ጉንዳን ሳይሆን ጉንዳን የምታስመስል ሸረሪት ነው። የፊት እግሮቿን አንስታ እንደ አንቴና ታወዛውዛቸዋለችና ቆጠራው ላይ ይጠንቀቁ።

6ኛ ደረጃ፦ ድሩን ያንብቡ

ክብ ድር፦ ከመሀል የሚወጡ ቀጥ ያሉ ክሮች፣ በላያቸው የሚዞር ሙጫማ ክር። የክብ ድር ሠሪዎች ሰፊ ቤተሰብ ነው።

ድንኳን መሰል ድር፦ ጥቅጥቅ ያለ፣ አግድም የተዘረጋ፣ መሀሉ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ፣ ከላይና ከታች በተመሰቃቀለ ክር የተወጠረ። ሙጫ የለበትም።

አንሶላ ድር ከቱቦ ጋር፦ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ላይ የተነጠፈ፣ አንዱ ጫፉ ወደ ቱቦ የሚገባ። ሸረሪቷ ከቱቦው አፍ ላይ ትጠብቃለች።

የተመሰቃቀለ ድር፦ ቅርጽ አልባ፣ በካብ ስንጥቅ፣ በእንጨት ክምር ሥር፣ በተገለበጠ ዕቃ ውስጥ የሚገኝ።

ድር የለም፦ አበባ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ወይም መሬት ላይ ብቻዋን የተገኘች። እንዲህ ያለችው አዳኝ በእግሯና በዓይኗ ትተዳደራለች፤ የሚቀጥለው ደረጃ በተለይ ለእሷ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ዓይኗንና እግሯን ይመልከቱ

አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን አላቸው፤ የሚለያዩት በአቀማመጡ ነው። የፊት ፎቶዎን አጉልተው ከሚከተሉት ጋር ያስተያዩ።

ሁለት በጣም ትልልቅ ዓይኖች ወደ ፊት የሚያዩ ከሆነ ዘላይ ሸረሪት ናት። ዞራ ካሜራውን የምታይም እሷ ናት።

ከታች አራት ጥቃቅን በአንድ መስመር፣ ከላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ካሉ የተኩላ ሸረሪት ናት።

ስድስቱ ዓይኖች ባለ ስድስት ማዕዘን ሠርተው ከታች ሁለት ጥቃቅን ከቀሩ፣ እግሯም ላይ ረጃጅም እሾሆች ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ በሣርና በቁጥቋጦ ላይ እየዘለለች የምታድነው የሊንክስ ሸረሪት ቤተሰብ ናት።

ዓይኖቿ ሁሉ ጥቃቅን ሆነው በሁለት መስመር ከተደረደሩ፣ የዳሮቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ጠርዝ ከራቁ፣ ድሩም ክብ ከሆነ የክብ ድር ሠሪ ናት። ድር ከሌላት፣ የፊት ሁለቱ ጥንድ እግሮቿ ከኋለኞቹ ከረዘሙና ወደ ጎን ከተዘረጉ፣ የሸርጣን ሸረሪት ናት።

ጾታዋንም እዚሁ ይመልከቱ። ከአፍ አጠገብ ያሉት አጫጭር እጆች ጫፋቸው ካበጠ ያደገ ወንድ ነው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ከሴቷ ያንሳል፤ በአንዳንዶቹ ወገኖች እጅግ ያንሳል። አንድ ድር ላይ ትልቅና ትንሽ ሸረሪት ሲያዩ እናትና ልጅ ናቸው ብለው አይቸኩሉ።

8ኛ ደረጃ፦ ጓሮው ውስጥ ከሚጠበቁት ጋር ያስተያዩ

ባለ ዚግዛግ ሸረሪት (የአርጂዮፔ ወገን)። በጓሮ ከሚገኙት ሁሉ ቀድማ ዓይን ውስጥ የምትገባ ናት። ጀርባዋ በብር፣ በቢጫና በጥቁር መስመር ያጌጠ ነው። ድሩ መሀል ቁልቁል ተንጠልጥላ እግሮቿን ሁለት ሁለቱን ታጣምራለች፤ ከሩቅ አራት እግር ብቻ ያላት መስቀለኛ ቅርጽ ትመስላለች። ድሩ ላይ ወፍራም ነጭ ዚግዛግ ትሠራለች። የዚህ ዚግዛግ ጥቅም እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ ነፍሳትን ለመሳብ ነው የሚሉ አሉ፣ ወፍ ድሩን እንዳይሰብር ለማስጠንቀቅ ነው የሚሉም አሉ። ዚግዛጉ ስለሌለ ብቻ ግን "አርጂዮፔ አይደለችም" አይበሉ፤ ሁልጊዜ አትሠራውም። ወደ ዝርያ ለመድረስ የሆድ ጠርዝ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ለስላሳ ወይም በጉብታ የተከፋፈለ መሆኑ ወሳኝ ነው።

ድንኳን ሠሪዋ (ሲርቶፎራ ሲትሪኮላ)። በቁልቋል፣ በቅንጭብ፣ በበለስና በእሬት ላይ ይፈልጓት። ብዙዎች ድራቸውን አያይዘው በአንድነት ይኖራሉ፤ ተክሉ በሙሉ በድር ይሸፈናል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረታችን በዓይን የሚታይበት ቦታ ይህ ነው፤ የአንዷ ውጥር ክር ለሌላዋ ምሰሶ ይሆናል። ሸረሪቷ ከጉብታው ሥር ተገልብጣ ትሰቀላለች። የእንቁላል ከረጢቶቿን ከበላይዋ በአንድ መስመር ትደረድራለች። ቀለሟ ከግራጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በቀለሟ አይፍረዱ። ድሩ ዳር ላይ ጥቃቅን፣ የብር ቀለም ያላቸው ሸረሪቶች ካዩ ልጆቿ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በሌላዋ ድር ተጠግተው ትርፍራፊዋን የሚበሉ የአርጂሮደስ ወገን ሸረሪቶች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

ጸጉራሟ የማታ ሸማኔ (የኒዮስኮና ወገን)። ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ሆዷ እንቁላል ቅርጽ ያለው። ሲመሽ ድሯን ትሠራለች፤ ቀን ቅጠል አጥፋ ትደበቃለች። አራኒየስ ከሚባለው ወገን ጋር ትምታታለች። መለያው ደረቷ መሀል ያለች ስርጉድ መስመር ናት፦ በኒዮስኮና ከራስ ወደ ሆድ በቁመት ትሄዳለች፤ በአራኒየስ ሴቶች ደግሞ በአግድም ትተኛለች። ጥርት ያለ የጀርባ ፎቶ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ባለ እሾኋ (የጋስተራካንታ ወገን)። ሆዷ ጠንካራ፣ ከርዝመቱ ስፋቱ የሚበልጥ፣ ዙሪያውን ስድስት እሾህ ያለው። እሾሆቹን ይቁጠሩ፣ የረዘሙት የትኞቹ እንደሆኑ ይጻፉ።

የአበባ ሸርጣን (የቶሚሰስ ወገን)። ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆና አበባ ላይ ታደፍጣለች። ሆዷ ወደ ኋላ ሰፍቶ ሁለት ሹል ማዕዘን ያወጣል። አንዷ ሸረሪት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከነጭ ወደ ቢጫ ልትለወጥ ትችላለች፤ ቀለም አሳሳች መሆኑን ከሁሉ አጉልታ የምታሳይ እሷ ናት። ዋግ የማር አገር ስለሆነ ንብ አንቢዎች ንብ ይዛ ሲያይዋት ይቆጣሉ። እውነት ነው ንብ ትበላለች፤ ግን አንድ በአንድ ነው፤ ሺዎች ያሉበትን ቀፎ የምትጎዳ አይደለችም።

የግድግዳ ዘላይ። የቤት ግድግዳና ካብ ላይ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ጸጉራም ሆና ዝንብ ስታሳድድ ትታያለች። በሞቃታማው ዓለም በሙሉ የተስፋፋችው ሜኔሜረስ ቢቪታተስ ከሚጠበቁት አንዷ ናት። የጀርባዋን መስመሮችና ፊቷን አብረው ያንሱ።

የተኩላ ሸረሪት። መሬት ላይ፣ በሽንኩርት መደብና በደረቅ ቅጠል መካከል ትሮጣለች። የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አያይዛ ትጎትታለች፤ ሲፈለፈሉ ልጆቿን በጀርባዋ ትሸከማለች። ከረጢቱን በኋላ ሳይሆን በመንጋጋዋ ይዛ ከታየች ግን ሌላ ቤተሰብ ናት፤ ለልጆቿ ቅጠል ላይ የድር ቤት የምትሠራው የፒሳውሪዴ ቤተሰብ።

9ኛ ደረጃ፦ በጥንቃቄ የምትነሳው

ሸረሪቶች በሙሉ ማለት ይቻላል መርዝ አላቸው፤ ሰውን የሚጎዱት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በጓሮ ሥራ ላይ ማወቅ ያለብዎት ቡናማዋን ባልቴት ሸረሪት፣ ላትሮደክተስ ጂኦሜትሪከስን ነው። በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች። ድሯ የተመሰቃቀለና ጠንካራ ነው። በካብ ስንጥቅ፣ በእንጨት ክምር፣ በበርጩማ ሥር፣ በተጣለ በርሜልና ማሰሮ ውስጥ ትኖራለች። ሆዷ ክብ ነው፤ እግሯ ጠቆር ባለ ቀለበት የተዥጎረጎረ ነው። መለያዋ ከሆዷ ሥር ነው፦ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙበት ብርቱካናማ ወይም ቀይ ምልክት። የእንቁላል ከረጢቷ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጥቃቅን እሾህ መሰል ጉጦች አሉበት፤ ሸረሪቷ ተደብቃ እንኳ ከረጢቱ ብቻውን ይናገርባታል።

ለፎቶ ብለው እጅዎን ስንጥቅ ውስጥ አያስገቡ፤ በእንጨት አይቆስቁሷት። ከራቁበት አጉልተው ያንሱ። ድንገት ከነከሰች ቦታውን በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉበት። በምላጭ አይብጡ፤ አመድም ሌላም ነገር አይነስንሱ። ብዙ ጊዜ ሕመሙ እዚያው ተወስኖ ይቀራል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም ላብ ካመጣ፣ ወይም የተነከሰው ሕፃን ከሆነ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ሰቆጣ ከሆኑም ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሳይዘገዩ ይሂዱ። ፎቶውን ለሐኪሙ ያሳዩ።

ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ "ሸረሪት ሸንቶበት ነው" የሚል ሰው አለ። አልማዝ ባለጭራ የምንለውን ሽፍታ የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ አስይዞን ሰውነታችን ውስጥ ተደብቆ የቆየ ቫይረስ ነው። ሸረሪቷ የለችበትም። ሽፍታው የወጣበት ሰው ድሩን ሲጠርግ ከመዋል ቶሎ ሐኪም ቢያይ ይጠቀማል፤ መድኃኒቱ ቀድሞ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራልና።

10ኛ ደረጃ፦ ስሙን እስከሚገባው ድረስ ብቻ ይስጡ

ስም በደረጃ ይሰጣል፦ ቤተሰብ፣ ወገን፣ ዝርያ። ብዙ ዝርያዎች የሚለዩት ባደገች ሸረሪት የመራቢያ አካል ነው፤ እሱም ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ስለዚህ "የተኩላ ሸረሪት ቤተሰብ" ብሎ ማቆም ድክመት አይደለም። የተሳሳተ የዝርያ ስም ግን ሌላውን ተከትሎት እንዲሳሳት ያደርጋል።

ፎቶ አይተው ስም የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎች ለመነሻ ይረዳሉ። ሆኖም የተማሩት በብዛት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ በመጡ ፎቶዎች ስለሆነ የዚያን አገር ስም ይሰጣሉ። የሰቆጣ ሸረሪትዎን "አራኒየስ ዳያዴማተስ" ቢልዎት፣ እሷ የአውሮፓ ጓሮ ሸረሪት ናትና አይቀበሉት። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ይህች ዝርያ በምሥራቅ አፍሪካ ትገኛለች? ፎቶዬ ላይ የትኛው ምልክት ይህን ስም ይደግፋል? ሁለቱንም ካልመለሱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይውጡ።

በምሳሌ እንሥራው። ከሰቆጣ ዳር በቅንጭብ አጥር ላይ የተነሳ ፎቶ አለ እንበል። ሸረሪቷ ቡናማ ናት፤ ጎረቤት "ቡናማዋ ባልቴት ናት፣ ትግደል" ይላል። ድሩን እንይ፦ አግድም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሀሉ የጎበጠ ነው፤ ከቶ ቅርጽ አልባ አይደለም። ከረጢቶቹን እንይ፦ ከበላይዋ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ጉጥም የላቸውም። የሆዷን ሥር እንይ፦ ብርቱካናማ ምልክት የለም። ስለዚህ የሲርቶፎራ ወገን ናት፤ ቦታዋና አኗኗሯም ሲትሪኮላ መሆኗን ይደግፋሉ። እንዲህ ብለን እንጽፋለን፦ "ሲርቶፎራ፣ ምናልባት ሲትሪኮላ"። የጀርባ ፎቶ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ይህን ማለት አንችልም ነበር፤ አንዲት የማትጎዳ ሸረሪትም ትሞት ነበር።

11ኛ ደረጃ፦ መዝገብ ይያዙ

ፎቶ ያለ ቀንና ያለ ቦታ ዋጋው ይቀንሳል። ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ስልክዎ የሚመዘግበው በአውሮፓ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ስልኩ 07:10 ያለው የእኛ ጠዋት 1:10 ነው፤ የትኛውን እንደጻፉ ያመልክቱ። ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ተክሉን፣ የሰውነቷን ርዝመት በሚሊሜትር ይጨምሩ። በኽምጣንኛ የምትጠራበት ስም ካለ ከአማርኛው ጎን ያስፍሩት።

ለሚያውቅ ሰው በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የዓይኖቿ ዝርዝር ይጠፋል። ከማያ ገጽ ላይ የተቀዳ ምስል ደግሞ የተነሳበትን ቀንና ቦታ አይዝም። ዋናውን ፎቶ ሳይቆርጡ ያስቀምጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ሆነ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ዘንድ ቢቀርብ መልስ ሊያገኝ የሚችለው እንዲህ የተሟላ መዝገብ ነው።

አንድ ጓሮ መርጠው ከመስከረም እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ይመልከቱ። የትኛዋ ቀድማ እንደምትመጣ፣ የትኛዋ በብርዱ እንደምትጠፋ፣ ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ስንት እንደቀሩ ይታይዎታል። ርጭቱ ትሉን ሲገድል ትሉን የሚበሉትንም እንደሚገድል ከራስዎ መዝገብ ያነባሉ። የሳይንስ መምህር ከሆኑ ተማሪዎችዎን በቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አጥር ይስጡ፤ ለዚህ ትምህርት ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ስም ከመጻፍዎ በፊት

ድሩን ከነቦታው አንስቻለሁ? እግሮቿን ቆጥሬያለሁ? ዓይኖቿ ጥርት ብለው ይታያሉ? የሆዷን ሥር አይቻለሁ? መጠኗን ለክቻለሁ? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውንና ከፍታውን ጽፌያለሁ? የሰጠሁት ስም የትኛው ምልክት ላይ እንደቆመ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት እችላለሁ?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካለዎት ስሙን ይጻፉ። ከሌለዎት የቤተሰቡን ስም ብቻ ጽፈው፣ ሸረሪቷን በቦታዋ ትተው፣ የጎደለውን ፎቶ ለማንሳት ነገ ጠዋት ይመለሱ።